ይባርክ ያላሉ ሦስት ሺህ ሰዎች

እትዬ አቻምየለሽ ወተት ይሸጣሉ፤ ወተታቸው እንዲታይ ግን አይፈልጉም። ይህ እንዴት አብሮ ይሄዳል የሚል ሰው ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ መንገድ ገብቶ ቤታቸውን ቢፈልግ ነገሩ ወዲያው ይገለጥለታል፤ ቤቱን አያገኘውማ። ሰሌዳ የለ፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለ ምልክት የለ። መዛግ የጀመረ የቆርቆሮ በር አለ፣ ከበሩ ኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ከዚያ ግቢው፣ ከግቢው ጥግ ጋጣው፣ ጋጣው ውስጥ ቦቂት። ሰሌዳ ዓይን ይጠራል ነው የእትዬ አቻምየለሽ ክርክር። ደንበኛም የሚመጣው በዓይኑ አይቶ መሆኑን ደፍሮ የነገራቸው አልነበረም።

ቦቂት ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ክልስ ላም ናት። እትዬ አቻምየለሽ በር ዘግተው ያልቧታል። ወተቱን ከጋጣ ወደ ቤት ሲያሻግሩ ባልዲውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ጎንበስ ብለው፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ ነው። ሰው ካጋጠማቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ያ ሰው «ይባርክ» እስኪል ንቅንቅ የለም። በእርግጥ በአገሩ ልማድ ያማረ ነገር አይቶ፣ ጥጃም ይሁን አዝመራ ወይም የሰው ልጅ፣ ይባርክ ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። እሳቸው ግን ነውሩን ወደ ሕግ አሳድገውታል። የሰፈሩ ሰው ከመፍራቱ የተነሳ ባዶ ባልዲም ሲያይ ይባርክ ይላል፤ አንድ ቀን እጣቢ ሊደፉ ወጥተው ሦስት ጎረቤት ተራ በተራ ባርኮላቸው ተመልሰዋል።

በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት ኖሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ልጃቸውን ህይወትን ለዩኒቨርሲቲ ያበቁት በቦቂትና በቦቂት እናት ወተት ነው። ኋላ ግን ይርሳው የሚባል ሰው አስፋልቱ ዳር ባለመስታወት ወተት ቤት ከፈተ። ፍሪጅ አስገባ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀለም ቀባ፣ ኳስ የሚታይበት ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀለ። የከፈተው ደግሞ ልክ በፋሲካ ማግስት ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው ኃምሳው ቀን ረቡዕና ዓርብ የማይጾምበት፣ ለወተት ሻጭ የዓመቱ መኸር ነው። ዘንድሮ ያን መኸር ይርሳው ይሰበስበው ጀመር። እትዬ አቻምየለሽ አግዳሚ ላይ የቀሩት አንድ ጡረተኛ የፖስታ ቤት ሠራተኛና ሐኪም ወተት ያዘዘላቸው አንድ መሪጌታ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ አንዷን ብርጭቆ ይዘው ረፋዱን ሙሉ ወሬ ያወሩባታል።

ወሩ ሚያዝያ ስለነበር ሜዳው ላይ ሣር የለም። ቦቂት የምትበላው ፋጉሎም ፉርሽካም በግዢ ነው። የሚሸጠው ወተት የምትበላውን መሸፈን ሲያቅተው ታናሽ ወንድማቸው ታከለ ከጅጋ መጣና ሸንጎ ተቀመጠ። ታከለ በቀበሌው የአንድ ለአምስት አደራጅ ነው፤ ሰው መምከር ይወዳል። ላም የራሷን ጉሮሮ ካልቻለች ላም ሳትሆን እንግዳ ናት፤ እንግዳ ደግሞ ይሸኛል አለ። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው በተቀመጡበት እትዬ አቻምየለሽ ቃል ገቡ፤ የሐዋርያት ጾም እስኪገባ ወተት ቤቱ ላሚቱን መመገብ ካልቻለ ቦቂት ትሸጣለች።

ቃሉን ሰጥተው ታከለን ከሸኙ በኋላ ጋጣ ገብተው ብዙ ቆዩ። እውነቱን ለመናገር ጉዳዩ የወተት ብቻ አልነበረም። ባላቸው ሲሞቱ በሦስተኛው ቀን ከመደብ ያስነሳቸው ቦቂት ልትታለብ መጮኋ ነው። እሷ ከሄደች ጧት ጧት ለምን እንደሚነሱ አያውቁም።

ህይወት ማርኬቲንግ ተመርቃ ቤት ከገባች ዓመት ሊሞላት ነው። ሥራ ብትጠይቅ «ተደራጂ» ይሏታል፤ ከማን ጋር እንደምትደራጅ ብትጠይቅ «ፈልጊ» ይሏታል። ስለዚህ የእናቷ ጭንቀት ለእሷ የመጀመሪያ ሥራዋ ሆነ። ፌስቡክ ላይ ገጽ እንክፈት፣ ወተቱን ሰው ይየው አለች። «ይየው» የሚለው ቃል ገና ከአፏ ሲወጣ እትዬ አቻምየለሽ አማተቡ። ሁለት ቀን ተከራከሩ። በስተመጨረሻ እናትየው ፈቃዳቸውን ለበሩ ብቻ ሰጡ፤ በሩን እንደፈለገችው ታሳይ፣ በር ዓይን አይበላውም።

ህይወት በሩን ፎቶ አንስታ «የእትዬ አቻምየለሽ ወተት ቤት» ብላ ለጠፈች። ጓደኞቿ ወደዱላት። ከማያውቋት ሰዎች የመጣው አንድ አስተያየት ብቻ ነበር፤ በሩ ይሸጣል ወይ የሚል።

እንግዲህ ልጅቷ የሠራችውን ጥፋት የሠራችው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ማለዳ እናቷ ሲያልቡ በጋጣው ግድግዳ ስንጥቅ በኩል ስልኳን አስገብታ ፎቶ አነሳች። ፎቶው ያምር ነበር፤ በስንጥቁ የገባው ጸሐይ የቦቂት ጎን ላይ አርፏል፣ ግቷ ሙሉ ነው፣ ባልዲው አረፋ ደፍቷል፣ የእትዬ አቻምየለሽ ጀርባ ብቻ ይታያል። «ውሃ የሚባል ነገር ያልደረሰበት» ብላ ጻፈችበትና ለቀቀችው።

ታከለ በስብሰባና በድምፅ ማጉያ አምስት ሰው ለመሰብሰብ ጉሮሮው ይነቃል። ያቺ ፎቶ ግን በሁለት ቀን ከተማውን አዳረሰች። ባጃጅ ነጂዎች መጡ፣ አስተማሪዎች መጡ፣ የባንክ ሠራተኞች በምሳ ሰዓታቸው እየጠያየቁ ያችን በር አገኟት። እርጎው ሳይረፍድ ያልቅ ጀመር። እትዬ አቻምየለሽ የበሩ ፎቶ ይህን ሁሉ መሥራቱ ገርሟቸው በሩን በጨርቅ ይወለውሉት ያዙ። ለህይወትም የትምህርት ወጪው ከንቱ አልቀረም ብለው በጎረቤት ፊት አመሰገኗት፤ ልጅቷ አንገቷን ደፋች፤ እሳቸው ትሕትና መሰላቸው።

ነገሩን ያወጣው አንዷለም የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው። ልጁ ክፋት የለበትም። ሁለተኛ ብርጭቆውን ጨርሶ አፉን እየጠረገ፣ «እትዬ፣ ላምዎት እንዴት ያለች ናት? ግቷ ራሱ ጋን ያህላል እኮ» አላቸው።

እትዬ አቻምየለሽ ብርጭቆውን ሳይቀበሉት ቀሩ። የት እንዳያት ጠየቁት። ስልኩን አውጥቶ ሰጣቸው።

ለረጅም ጊዜ አዩ። ቦቂት በእጃቸው መዳፍ ላይ እርቃኗን ቆማለች። አንዷለም ደስ የሚላቸው መስሎት አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ እንኳ እንዳያት ጨመረላቸው። ህይወትን ጠሯት። ስንት ሰው እንዳየ ጠየቋት። ልጅቷ ፈርታለች፣ ግን ይህን ጥያቄ ከትምህርት ቤት ጀምራ ስትጠብቀው ስለኖረች ኩራቱ ፍርሃቱን ቀደመው።

«ሦስት ሺህ አልፏል፣ እማ።»

እትዬ አቻምየለሽ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። በቀስታ፣ «ከሦስት ሺሁ ስንቱ ይባርክ አለ?» አሉ።

ህይወት ብዙዎቹ ላይክ ማድረጋቸውን ነገረቻቸው። ላይክ ምን እንደሆነ ሲጠይቋት አውራ ጣቱን አሳየቻቸው። የሰው ላም አይቶ አውራ ጣቱን አቁሞ የሚሄድ ሰው በዕድሜያቸው አላጋጠማቸውም። የተጻፈውን አንብቢልኝ አሏት። አነበበችላቸው። አንዱ «ዋው» ብሏል። አንዱ ይህን ሁሉ ወተት ከየት አመጣችው ብሏል። አንዲቱ ደግሞ ምናለ ይች ላም የኔ በሆነች ብላለች። እትዬ አቻምየለሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ ክፉ ዓይን በሬ ይጥላል ሲባል ሰምተዋል፤ የሦስት ሺሁን የሚያሰላ ሰው ግን አያውቁም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጦርነት ታወጀ። የጋጣው መስኮት በጆንያ ተደፈነ። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ተጨሰ። ጠበል ተረጨ። የቦቂት ገመድ ተለወጠ፣ አንገቷ ላይ ክታብ ታሰረላት፣ ከጋጣ እንዳትወጣ ተከለከለች። በማግስቱ ጧት፣ ተወልዳ ረግጣ የማታውቅ ላም ባልዲውን ገለበጠችው። የወጣው ወተት አንድ ብርጭቆ አይሞላም። በሦስተኛው ቀን እሱም ጠፋ። እኔን የጠየቀኝ የለም እንጂ፣ በጭስ ታፍኖ ጨለማ ውስጥ የዋለ ፍጡር ሰውም ቢሆን ለማንም ጠብ የሚል ነገር አይሰጥም። እትዬ አቻምየለሽ ግን የሚታያቸው ሦስት ሺህ አውራ ጣት ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ጭሱን ጨመሩበት።

የሚያናድደው፣ በዚያው ሰሞን በር ላይ ሰልፍ ነበር። ወተት ሲኖር ሰው አልነበረም፤ ሰው ሲመጣ ወተት ጠፋ። መሪጌታው የሐኪም ትእዛዛቸውን ይዘው ደጅ ቆሙ። ሌላው ትንሽ ይጠብቅና ወደ ይርሳው ቤት ይወርዳል። ወሬው ጅጋ ሲደርስ ታከለ ደወለ፤ ላሚቱ ጨርሳ ሳትነጥፍና ዋጋ ሳታጣ ቅዳሜ ከቡሬ የከብት ነጋዴ ይዞ እንደሚመጣ ነገራቸው። እትዬ አቻምየለሽ ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ «ና» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ህይወት ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ፎቶውን አጠፋዋለሁ አለች። እናቷ እንዳትነኪው አሏት፤ ያየ ሰው ምኑን እያየ ይባርክ? መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ያየ ሁሉ ይባርክ ማለት አለበት።

«ሦስት ሺህ ሰው ምን ብዬ ልለምን፣ እማ? መሣቂያ ልሆን ነው እኮ።»

«ላሚቱን ስታሳዪ ያልሣቀብሽ፣ ስታድኛት ከሣቀ ይሣቅ።»

ልጅቷ አብረዋት የተማሩትን አሰበች፤ አዲስ አበባ ቢሮ የገቡት፣ ማስታወቂያ የሚሠሩት ሁሉ ያነቡታል። ከዚያ ከጋጣው የሚመጣውን የላሟን ሳል ሰማች። ስልኳን አወጣች። እናቷ እየተንጎራደዱ አጻፏት፤ አንድም ቃል እንዳትለውጥ አስጠነቀቋት።

«ላሜን ያያችሁ ሁሉ። ማንንም ቡዳ አላልሁም። ዳሩ ግን የሰው ላም አይቶ አውራ ጣት አሳይቶ መሄድ ከየት የመጣ ጠባይ ነው? ወላጆቻችሁ እንዲህ አላሳደጓችሁም። ላሜ እናንተ ካያችኋት ወዲህ ወተቷን ይዛለች። ቅዳሜ ሊሸጡብኝ ነው። ያያት ሁሉ ይባርክ ይበል። ይባርክ ያላለ ወተቴን አይጠጣም። አቻምየለሽ ነኝ።»

ህይወት መጨረሻው ላይ ፈገግ ያለች ትንሽ ፊት ልትጨምርበት ፈለገች። የምን ጥርስ ማሳየት ነው ብለው ከለከሏት።

የሆነውን እኔ ላስረዳ አልችልም። ሰው እናቱ የተቆጣችው መሰለው መሰለኝ። አመሻሽ ላይ አሥር ሰው ባረከ፤ በማግስቱ ቆጥሮ የሚዘልቀው ጠፋ። ከዱርቤቴ ባረኩ፣ ከአዋሳ ባረኩ፣ ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ የቋሪት ልጅ ይቅርታ ጠይቃ ባረከች። ዋው ያለው ልጅ ዋውን ሰርዞ ይባርክ አደረገው። ላሚቱን የተመኘቻት ሴት ስለ ድፍረቷ አፈር ስሆን ብላ ጻፈች። ራጂያ የምትባል የቡሬ ባለሱቅ «ማሻአላህ» ብላለች፤ ህይወት ይቆጠር ወይ ብላ ጠየቀች። እትዬ አቻምየለሽ በጥያቄው ተቆጡ። የእስላም ማሻአላህ የክርስቲያን ይባርክ ማለት ነው፤ እንዲያውም እነሱ ሳያስታውሷቸው ነው የሚሉት አሉ።

ቅዳሜ ጧት አንድ ችግር ተነሳ። ቦቂት አሁንም ወተቷን እንደያዘች ነው። እትዬ አቻምየለሽ ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው ምክንያቱን አገኙት። ይህ ሁሉ ምርቃት የተቀመጠው ስልክ ውስጥ ነው፤ ላሚቱ መች ሰማችው? ህይወት በርጩማ ይዛ ጋጣ እንድትገባና ለቦቂት እንድታነብላት ታዘዘች።

ማርኬቲንግ በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀች ልጅ ለላም ልታነብ ገባች። መጀመሪያ ጭሱ አሳላት፤ እሳቱ ወጣ። ከዚያ ፊደሉ አልታይ አላት፤ ጆንያው ከመስኮቱ ተነሳ፣ በሩም ተከፈተ። ነፋስ ገባ። ቦቂት በረጅሙ ተነፈሰችና ጆሮዋን ወደ ህይወት ጣለች። እትዬ አቻምየለሽ ባልዲያቸውን ይዘው ጎኗ ተቀመጡ።

«ማር ወለላ ይባርክ ብላለች። የጎጃሙ ነበልባል ይባርክ ብሏል። ሞት ላይቀር ይባርክ ብሏል።»

«ማን?»

«ሞት ላይቀር። ስሙ ነው።»

«እናቱ ያወጣችለት ነው?»

«ራሱ ነው ያወጣው፣ እማ።»

«እሱን ዝለይው» አሉ።

ህይወት ሣቀች። እናቷም ግንባራቸውን የላሟ ጎን ላይ እንዳስደገፉ ሣቁ፤ ከሰሞኑ የመጀመሪያው ነው፤ ትከሻቸው ተፈታ፣ ጣታቸው ተፈታ። ልጅቷ ማንበቧን ቀጠለች፤ «ዝምተኛው ተጓዥ»፣ «የቡሬዋ ቆንጆ»፣ «አባይ ማዶ»፣ ይባርክ፣ ይባርክ፣ ይባርክ። በዚህ መካከል ባልዲው ጭርር አለ። እናትና ልጅ ተያዩ። ህይወት ግን ማንበቧን አላቋረጠችም።

ታከለና ነጋዴው ሙንዲር ግቢ የገቡት በዚህ ሰዓት ነው። ሙንዲር የታወቀ የከብት ነጋዴ ነው። የንግዱ ደንብ ደግሞ አንድ ነው፤ ገዢ አያመሰግንም። ቀንዷ ጠማማ ነው፣ አረጀች፣ ሰኮናዋ ተሰንጥቋል ይላል እንጂ ያመሰገነ ገዢ ዋጋ አስወድዶ ይሄዳል። ሙንዲር በዚህ በኩል አይታማም፤ ቡሬ ገበያ ላይ ያቀረበውን በሬ በሙንዲር አፍ ሰምቶ ያፈረ ገበሬ ብዙ ነው። ታከለ ለገዛ እህቱ ወገን መሆኑን ረስቶ፣ ሽያጩ ብቻ እንዲያልቅለት ብሎ፣ ከመናኸሪያ ሲመጡ ይህንኑ ሲያስታውሰው ነበር።

ሙንዲር ጋጣው በር ላይ ቆመ። ላሚቱን አየ፣ ግቷን አየ፣ ባልዲው ላይ የሚነሳውን አረፋ አየ። ቆቡን አወለቀ።

«ማሻአላህ» አለ።

ታከለ እግሩን ረገጠው፤ ዘግይቷል። ሙንዲር ግን ላሚቱን ሳይሆን አጠገቧ ያሉትን ሴት ያይ ነበር። እትዬ አቻምየለሽ ጀርባቸውን አልሰጡትም፣ ባልዲውንም አልሸፈኑም፤ እጃቸው ግቱ ላይ እንዳለ ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብለው ያዩት ነበር። ታከለ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ዋጋ እንነጋገር አለ።

«የምን ዋጋ?» አለ ሙንዲር። «ማሻአላህ ያልሁት ለባለቤቷ እንዲያቆይላት ነው። ምርቃቴ ከአፌ ሳይደርቅ ልንጠቃት እንዴ?»

ታከለ ይህን ያህል መንገድ ለዚህ ነው ወይ የመጣነው ብሎ ተበሳጨ። ወደ እህቱ ዞረና በንስሐ አባታቸው ፊት የገቡትን ቃል አስታወሳቸው። እትዬ አቻምየለሽ ቃላቸውን አልካዱም። ቤቱ ላሚቱን ካልመገበ ትሸጣለች ብለዋል፤ ቤቱ ይመግባት እንደሆነ ይታይ አሉ። ከቆርቆሮው በር ውጭ ድምፅ ይሰማ ነበር። ቅዳሜ ስለሆነ ጧቱን ብዙ ሰው መጥቷል፤ አንዳንዱ ወተት ሊጠጣ ነው፤ አብዛኛው ግን ሴትዮዋን ከነላማቸው በዓይኑ ሊያይ ነው።

እትዬ አቻምየለሽ ከበርጩማቸው ተነሱ። ፈርተው ነበር። በዚያ ጋጣ ባዳ ገብቶ አያውቅም።

«ህይወት፣ በሩን ክፈችው» አሉ። «አንድ አንድ እያሉ ይግቡ። መጀመሪያ ይባርክ፣ ከዚያ ወተት።»

ሰዉ ገባ። አስተማሪው ባርኮ ጠጣ። የባንኳ ልጅ ባርካ ጠጣች። መሪጌታው ምርቃታቸው በግእዝ ስለነበር ሰልፉ ትንሽ ቆመ። አንዷለም ባጃጁን መንገድ ላይ አቁሞ መጥቶ፣ ጋን ያህላል ስላለው ይቅርታ ጠየቀና ሁለት ጊዜ ባረከ። ሙንዲር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሁለት ብርጭቆ ጠጣ፤ ለቡሬ ሰዎችም ለመንገር ቃል ገባ። ታከለ መጀመሪያ ጥግ ይዞ አኮረፈ። ብርጭቆ ሲያጥር ግን የሚያጥብ ሰው ጠፋና እጅጌውን ሰበሰበ፤ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰልፉ አንድ ለአምስት ሆኖ እንዲቆም ሲያዝ ተሰማ። ሊሄድ ሲነሳ ለእህቱ ምንም አላላቸውም፤ ወደ ጋጣው ብቅ ብሎ «ይባርክ» አለና ወጣ። እትዬ አቻምየለሽ ጠርተው ለመንገዱ እርጎ ቋጠሩለት።

አመሻሽ ላይ ደጁ ጭር ሲል እናትና ልጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ቦቂት የመጀመሪያዋን ሙሉ ፋጉሎ በልታ ታመሰኳለች። እትዬ አቻምየለሽ ቀኑን ሙሉ ሲብላላባቸው የዋለውን ነገር ጠየቁ፤ ከሦስት ሺሁ ያልባረከ ስንት ቀረ? ህይወት ስልኳን አገላብጣ አየች። አይተው ዝም ያሉ ሺህ ያህል ሰዎች እንዳሉ በፍርሃት ነገረቻቸው፤ ጆንያው ተመልሶ መስኮቱ ላይ የሚወጣ መስሏታል።

እናቷ ወደ ጋጣው ዞረው ቦቂትን አዩ።

«በይ ነገ ደግመሽ አሳዪያቸው» አሉ። «አንዳንድ ሰው አንዴ ታይቶት አይገባውም።»